ላም አለኝ በሰማይ፦ የጨዋታ መጽሐፍ ለምን ሳይከፈት ይደረደራል?

ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሳሎን ውስጥ አንድ መደርደሪያ አለ፤ እዚያ ላይ አሥራ አንድ የጨዋታ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ቁጭ ብለን የተጫወትነው በሦስቱ ብቻ ነው። ስልኬ ውስጥ ደግሞ ገና ያልታተሙ፣ "በቅርቡ ይወጣሉ" የተባሉ የአምስት መጻሕፍት ዝርዝር አለኝ። ባለፈው ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ መደርደሪያውን አየችና "ይሄ ሁሉ ተነቦ አልቋል?" አለችኝ። "የሚነበብ ሳይሆን የሚጫወቱበት ነው" አልኳት። "እሺ፣ ትጫወቱበታላችሁ?"

ዝም አልኩ። ጥያቄዋ አጭር ናት። መልሱ ውስጥ ግን የአሳታሚዎች ገበያ አለ፣ ዶላር አለ፣ የታክሲ ሰልፍም አለ። እስቲ ከሥሩ ልጀምር።

ጨዋታው በምህጻረ ቃል አር.ፒ.ጂ ይባላል። እኛ "የሚና ጨዋታ" እንለዋለን። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ልጆች ሆነን "ተረት ተረት" ሲሉን "የላም በረት" ብለን አፋችንን ከፍተን እናዳምጥ ነበር አይደል? እዚህ አድማጩ ዝም አይልም። ተራኪው "ወንዙ ሞልቷል፤ ማዶ አንድ ጦር የያዘ ሰው ቆሟል" ይላል። አንዷ "ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰላም እለዋለሁ" ትላለች። ሌላው "እኔ ዞሬ ከጀርባው እመጣለሁ" ይላል። ይሳካለታል ወይ? እሱን እንደ ሉዶው የሚወረወር ዳይስ ይወስናል። ስክሪን የለም። አሸናፊም የለም። ታሪኩ እሁድ ከሰዓት ይጀመርና ለሚቀጥለው እሁድ ይተርፋል።

የዚህ ሁሉ አባት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፣ ባጭሩ ዲ ኤንድ ዲ። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 አወጡት። (የእኛ ነው ካላልኩ በቀር እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች አሉ። አንዱ ጠፈር ላይ ነው፣ አንዱ የምርመራና የፍርሃት ነው፣ አንዱ ብቻህን የምትጫወተው ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ። የሚና ጨዋታ መጽሐፍ ልብ ወለድ አይደለም። ልብ ወለድ አንዴ ካነበቡት ታሪኩ ታወቀ። ይሄ ግን ምጣድ ነው። ምጣድ ተገዝቶ ስለመጣ ብቻ እንጀራ አያወጣም፤ መሟሸት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ይጣበቃሉ፣ ይቆራረሳሉ። የጨዋታ መጽሐፍም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ቀን ሕጉን ስታገላብጥ ሰዓቱ ያልቃል። ሦስተኛው እሁድ ላይ ነው ሳትከፍተው መጫወት የምትጀምረው።

የአሳታሚው ችግር የሚጀምረውም እዚሁ ነው። ጥሩ ምጣድ የገዛ ሰው ለዓመታት አይመለስም። የጨዋታ መጽሐፍ የገዛም እንደዚያው። ይባስ ብሎ ከአምስቱ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው አንዱ ነው፣ ተራኪው። አራቱ ከሱ ይዋሳሉ። እና አሳታሚ ምን ይብላ? አዲስ ነገር ማውጣት አለበት። ተጨማሪ ጀብዱ (ተራኪው የሚመራበት ተጽፎ የተዘጋጀ ታሪክ)፣ ተጨማሪ የገጸ ባሕርይ ዓይነት፣ ተጨማሪ አውሬ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ አዲስ እትም። ዲ ኤንድ ዲ በ2000፣ በ2008 እና በ2014 አዳዲስ እትሞች አወጣ። በ2024 ደግሞ 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር የ2014ቱን አሻሽሎ እንደገና አሳተመ። ይሄን ተንኮል ነው አልልም። ደራሲውም ሠዓሊውም የቤት ኪራይ አለበት። ግን "ሊወጣ ነው" የሚለው ወሬ መቼም የማይቆመው ለምን እንደሆነ ማወቅ ጥሩ ነው። የእኔ ጠረጴዛ ስለጎደለው አይደለም።

ብዙ ማውጣት አሳታሚውንም ሊጎዳ ይችላል። የመጀመሪያው የዲ ኤንድ ዲ አሳታሚ ቲ.ኤስ.አር በ1990ዎቹ ጨዋታው የሚካሄድባቸው ብዙ የተለያዩ የፈጠራ ዓለማትን በአንድ ጊዜ ያሳትም ነበር። የአንዱ ዓለም አፍቃሪ የሌላውን አይገዛም። ገዢው ተከፋፈለ፣ ዕዳው ተከመረ። በ1997 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ለሚባል ሌላ የጨዋታ ኩባንያ ተሸጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ኩባንያ ራሱን ሃስብሮ የሚባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ገዛው። ዕዳውን የፈጠረው ያ ብቻ አልነበረም፣ መከፋፈሉ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ዘወትር ይነሳል።

ስለ ዋጋ ብዙ አልልም፤ ያማል። የ2024ቱ የዲ ኤንድ ዲ የተጫዋቾች መመሪያ ሲወጣ 50 ዶላር አካባቢ ነበር። የእኛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሳይደረግ በፊት ያ ገንዘብ በባንክ ዋጋ 2,900 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። 50 ዶላር ማለት ከ5,000 ብር በላይ ሆነ። ዋናዎቹ መጻሕፍት ደግሞ ሦስት ናቸው። መላኪያውን አልቆጠርኩም።

ትንሽ የሚያወሳስበው ገና ላልተሠራ መጽሐፍ መክፈል ነው። ዛሬ ብዙ የሚና ጨዋታ የሚወጣው ኪክስታርተር በሚባለው፣ በ2009 በተጀመረው ድረ ገጽና በመሰሎቹ በኩል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨዋታ ሠሪው ሐሳቡንና ጥቂት የሚያማልሉ ሥዕሎችን ያሳያል። የገንዘብ ግብና ቀነ ገደብ ያስቀምጣል። ግቡ ከሞላ ከደጋፊዎቹ ሁሉ ካርድ ይቆረጣል፤ ካልሞላ ከማንም አይቆረጥም። ድረ ገጹ ከተሰበሰበው 5 በመቶ ይወስዳል። ብሩ ቀላል አይደለም፤ በ2024 አንድ የሚና ጨዋታ በዚህ መንገድ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል።

ለሰው ሳስረዳ "ኧ፣ ዕቁብ ነዋ!" ይሉኛል። ይመስላል፣ ግን አይደለም። ዕቁብ ዳኛ አለው። ዋስ አለው። የቀረ ሰው ቤቱ ይታወቃል፣ እናቱ ሳትቀር ትታወቃለች። እዚህ ግን ጸሐፊው ይታመማል፣ ማተሚያ ቤቱ ይዘገያል፣ መርከቡ ይቆማል፣ አንተ ግን አንድ የይቅርታ ኢሜይል ይደርስሃል። ሠሪው ቃሉን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ድረ ገጹ ግን ሱቅ አይደለሁም፣ ዕቃው እንደሚደርስ ዋስ አልሆንም ነው የሚለው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄኔ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ፤ የሠሪውን ስም ግን ልተወው። አንድ በሚያምር ሣጥን የሚመጣ ጨዋታ አየሁ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ በካርዷ ከፈለችልኝ። "በዓመቱ" የተባለው ሁለት ዓመት ሆነ። መሐል ላይ መላኪያ ለብቻው ክፈሉ ተባለ። ከሚላክባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን ብፈልግ ብፈልግ የለችም። ስለዚህ ሣጥኑ አክስቴ ቤት ሄደ። ለፋሲካ ልትመጣ ስትል ደወለችልኝ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ሣጥን ምን ቢኖርበት ነው እንዲህ የሚከብደው?"

"መጽሐፍ ነው አክስቴ። ጨዋታ ነው።"

"የልጆች?"

"አይ፣ የእኛ።"

ትንሽ ዝም አለች። "በል ሻንጣዬ ሞልቷል፤ የእናትህ መድኃኒትና ጫማዋ ይቅደም።" ምን ይመለሳል? በሚቀጥለው ጉዞዋ አመጣችልኝ። ሣጥኑ ሲደርስ ደስ አለኝ፣ ግን እውነቱን ለመናገር ሁለት ዓመት ስጠብቅ የነበረኝ ደስታ ይበልጥ ነበር። ልቤ ያኔ ዝርዝሬ ላይ ወዳለው ሌላ መጽሐፍ ሄዷል።

ይሄ ነገር ብዙ አሳሰበኝ። ያልወጣ መጽሐፍ እንከን የለበትም። ሕጉ አያጣላም፣ ገጹ አይገነጠልም፣ ተራኪው አይሳሳትም። በእጄ ያለው ግን ነውሩ ሁሉ ታውቋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው። ግን ይሄ ግማሹ ብቻ ይመስለኛል። ሌላው ግማሽ እኛ ሰፈር ነው ያለው።

ድሮ አምስታችንም ካዛንቺስ አካባቢ ነበርን። በእግር አሥር ደቂቃ። አንዱ "ዛሬስ?" ካለ በግማሽ ሰዓት ጠረጴዛው ይሞላል። ከዚያ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣ፣ ሌላው ተጋባ፣ ሌላው ኪራይ ሸሸ። አንዷ የካ አባዶ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ አያት፣ አንዱ ሳሪስ፣ እኔ ቱሉ ዲምቱ። ካርታ ላይ ብታዩት አዲስ አበባ ላይ ተበትነናል። ከጀሞ እኔ ጋ ለመምጣት ታክሲ መቀያየር አለ፣ ሰልፍ አለ፤ ለመመለስ ደግሞ ሳይመሽ መነሳት አለ። ውሃ የሚመጣው እሁድ ከሆነ ቤቱን ትቶ መውጣት የማይችልም አለ። አምስት ሰው በአንድ ቀን ማሰባሰብ ከሽምግልና አይተናነስም።

መጽሐፍ መግዛት ግን? ማታ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ፣ ብቻዬን፣ በአንድ ጣት። ቀጠሮ አይፈልግም። ማንም "ይቅርታ፣ ልጄ አሞብኛል" አይለኝም። ስለዚህ መጫወት ሲያምረኝ እገዛለሁ፣ ወይም ልገዛው የማስበውን አያለሁ። ለካ ዝርዝሬ የረዘመው ሳንገናኝ በቀረንባቸው ወራት ነው። አሁን አዲስ ነገር ሲያምረኝ መጀመሪያ ለአራቱ እደውላለሁ። ግማሹ አምሮት እዚያው ስልኩ ላይ ይበርዳል።

ካልተገኙስ? ለዚህም መላ አለ። አይረንስዎርን የሚባል በ2018 የወጣ ጨዋታ አለ፤ ፒዲኤፉ በነፃ ነው፣ ብቻህንም መጫወት ትችላለህ። ጥያቄ ትጠይቃለህ፣ ዳይስና ሰንጠረዥ ይመልሱልሃል። ዝናባማ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ ሞክሬዋለሁ። ከምጠብቀው ሣጥን ይሻላል።

አሁን ዋናው፣ ያለውን እንዴት እንደ አዲስ መጠቀም ይቻላል የሚለው። ብዙ ሰው "ያንን ጨርሰነዋል" ይላል። እኔም እል ነበር። ስንመረምረው ግን የተጫዋቾቹን መመሪያ ስንት ገጽ ነው የነካነው? 2014 ላይ የወጣው 320 ገጽ ነው። እኛ የምንመላለሰው ሠላሳ አርባ ገጽ ላይ ነው፤ ውጊያ፣ ጥቂት አስማት፣ የጦር መሣሪያ ሰንጠረዥ። የቀረው ንጹሕ ነው፣ እንደ አዲስ ደብተር።

አንድ ቀን ለሙከራ ያህል ሁሌ የምንዘለውን ገጽ መረጥን። ስለ ሸክም የሚያወራው ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ የጉልበትህን ቁጥር በ15 ታባዛለህ፣ ልትሸከም የምትችለው ክብደት በፓውንድ ይወጣል። ጉልበቱ 10 የሆነ ሰው 150 ፓውንድ ይችላል፣ 68 ኪሎ መሆኑ ነው። ማንም አይቆጥረውም፤ ሂሳብ መሥሪያ ያስመስላል። እኛ ግን አንድ ነገር ቀየርን። በመጽሐፉ የሚሠራበትን የወርቅ ሳንቲም ሰርዘን በአሞሌ ጨው ተካነው። ተጫዋቾቹ ሲራራ ነጋዴ ሆኑ። ገንዘባቸው ጨው ነው።

ከዚያ በኋላ ያቺ ተረስታ የኖረች ገጽ የጨዋታው ልብ ሆነች። ጨው ይከብዳል። ሀብታም ስትሆን ቀስ ብለህ ትሄዳለህ። ሀብታም ስትሆን ሽፍታ ከሩቅ ያይሃል። ወንዝ ስትሻገር ደግሞ ገንዘብህ ይሟሟል! አንዱ ጓደኛችን ድልድይ ሲሰበርበት ከጓደኛው ነፍስ ይልቅ አህያዋን ሊያድን ዘለለ። እስከ ዛሬ ይወቀሳል። በነገራችን ላይ በመጽሐፉ መሠረት አንዲት አህያ 420 ፓውንድ ትሸከማለች፣ 190 ኪሎ ገደማ። የትኛዋ አህያ ናት እሷ? ግማሽ አድርገነዋል።

ጀብዱውንም አዲስ አልገዛንም። ከዓመታት በፊት የተጫወትነውን፣ ሽፍቶች ዋሻ ውስጥ ተደብቀው መንገደኛ የሚዘርፉበትን አሮጌ ታሪክ አወጣን። ዋሻውን ኬላ አደረግነው። ሽፍቶቹ ቀረጥ ተቀባዮች ሆኑ። ክፍሎቹ፣ በሮቹ፣ የጠባቂዎቹ ቁጥር ሁሉ እንዳለ ነው፤ ስማቸውና ፍላጎታቸው ብቻ ተለወጠ። ቤቴ ከአዳማው ፈጣን መንገድ ክፍያ ጣቢያ ስለማይርቅ ይሆናል ሐሳቡ የመጣልኝ። ማንም የድሮው ታሪክ መሆኑን አላወቀም። እስክነግራቸው።

አውሬም እንደዚያው ነው። በ2014ቱ እትም ጅብ ያላት የሕይወት ነጥብ (ስትመታ እየቀነሰ ሄዶ ሲያልቅ የምትወድቅበት ቁጥር) 5 ነው። ተራ የመንደር ሰው 4 አለው። ጅብ ከተራ ሰው በአንድ ነጥብ ብቻ? ይሄን የጻፈው ሰውዬ እዚህ መጥቶ ማታ አንድ ጊዜ ቢሰማት ጥሩ ነበር። ስሟን እንዳለ ትተን ቁጥሯን ቀየርን፤ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ "ግዙፍ ጅብ" የምትባል 45 ነጥብ ያላት አለች። የእሷን ቁጥር ወስደን ለተራዋ ጅብ ሰጠናት። ተጫዋቾች ይሄን ዘዴ ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፤ ቁጥሩን ትተህ ልብሱን መቀየር፣ ወይም ልብሱን ትተህ ቁጥሩን።

ታዲያ አዲስ አይገዛ ማለቴ ነው? አይደለም። አንዳንዴ ያለው ምጣድ ለሚፈለገው ምግብ አይሆንም። ዲ ኤንድ ዲ ለውጊያ ነው የተበጀው። ጠረጴዛው ምርመራ፣ ምስጢር፣ ፍርሃት ካማረው ሕጉን እየጎተቱ ከመለጠጥ ሌላ ጨዋታ መያዝ ይሻላል። በ1981 የወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ ለዚያ ነው የተሠራው። ጠፈር ካማራችሁ ትራቨለር አለ፣ የ1977 ነው፤ የሚፈልገው ባለ ስድስት ጎን ሁለት ዳይስ ብቻ ነው፣ የሉዶው ይበቃል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ባለፉት ሦስት ጨዋታዎች "ኧረ ይሄ ሕግ አስቸገረን" ያልነው ምንድን ነው? መልስ ካለ መጽሐፉ ለዚያ መልስ ከሆነ ይገዛ። መልስ ከሌለ የአምሮት ነው። ለአምሮትም ሰው ይገዛል፣ እኔ አልፈርድም፤ ግን አምሮት መሆኑን አውቆ።

"አዲስ እትም ከወጣ የእኔ ከንቱ ይሆናል" የሚለውም ፍርሃት ብዙውን ጊዜ መሠረት የለውም። የ2024ቱ ዲ ኤንድ ዲ ሲወጣ በ2014ቱ ሕግ የተጻፉ ጀብዱዎች አብረውት እንዲሠሩ ታስቦ ነው። ከ2000ው ወደ 2008ቱ የነበረው ሽግግር ግን እውነትም ሌላ ጨዋታ ነበር። ያኔም ቢሆን ማንም ቤት ገብቶ የድሮውን አልወሰደም። በ2023 መጀመሪያ አሳታሚው፣ ሌሎች በዲ ኤንድ ዲ ሕግ ላይ ተመሥርተው በሚሠሩት ሥራ ላይ ገደብ የሚያጠብቅ አዲስ ፈቃድ ሊያወጣ ነው ተብሎ ታላቅ ጩኸት ተነስቶ ነበር። መጨረሻው ምን ሆነ? ጥር ወር ሳያልቅ የ2014ቱን መሠረታዊ ሕጎች፣ ወደ 400 ገጽ የሚጠጋ ሰነድ፣ በማይሻር ነፃ ፈቃድ ለቀቁት። ማንም አውርዶ መጫወት፣ መተርጎም፣ በራሱ አሻሽሎ መሸጥ ይችላል፤ ምንጩን መጥቀስ ብቻ ነው። በአማርኛ የሚሠራው ሰው እየጠበቅኩ ነው። ይሄኛው መጠበቅ አያሳፍረኝም።

ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤቴ ልጅ አላት፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ። የኬላውን ታሪክ ነግራዋለች መሰለኝ ቅዳሜ በሬን አንኳኳ። "ጋሼ፣ እኛም መጫወት እንፈልጋለን፤ ግን ባለ ሃያ ጎኑ ዳይስ የለንም" አለኝ። ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 20 ጽፈን ጠቀለልነው። ሲኒ ውስጥ ከተትነው፤ አናወጥነው። ወጥቶ የተነበበ ወረቀት ወደ ሲኒው ይመለሳል፣ አለዚያ ሂሳቡ ይበላሻል። ይሄን ከነገርኩት በኋላ አሮጌውን መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ደረጃውን እየዘለለ ወደ ኮሚናሉ ወረደ። ጓደኞቹ እዚያ ይጠብቁት ነበር።